ያላበጠ አንገት

ሰኞ በማለዳ አዘዞ ወረድሁ፣
ምላጭና መርፌ በሣጥን ይዤ ገባሁ።
ቦራን ከጋጣዋ ጣሰው ስቦ አቆማት፣
እኔም አንገቷ ላይ ሁለት ቦታ ላጨኋት፤
ከላይ የወፉን ጠብታ፣ ከታች የከብቱን ወጋኋት።

«መድኃኒቷ ነው ወይ?» አሉኝ ወይዘሮ አንጓች።
«አይደለም፣ ጥያቄ ነው፤ ቆዳዋን ልጠይቀው፣
ያንን ባላጋራ ታውቀው እንደሆነ።
ካወቀችው ያብጣል። ሐሙስ መጥቼ ልየው።»

ዝም አሉ።
ያቺ ላም ለርሳቸው የቤት ኪራይ ናት፣
የጣሰው ደብተር ናት፣
ጠዋት ጠዋት የጎረቤት በር የምታንኳኳ
አምስት ሊትር ናት።
«ሌሊት ትስላለች» አሉኝ ሲሸኙኝ፣
«እኔም ተኝቼ እቆጥርላታለሁ።»

ደም ውስጥ ዘቦች አሉ ያዩትን የማይረሱ፣
የጠላት ሽታ ሲደርስ ከያሉበት የሚገሰግሱ፤
እብጠት የነሱ ደቦ ነው፣
ትኩሳት የነሱ ጩኸት።
ሊገድሉት ያቃታቸውን ከበው ይቆማሉ፣
ዓመት ከዓመት ቅጥር ይሠራሉ፣
ኖራ ያቦካሉ።
ኖራና ቅጥርን ጎንደር ያውቀዋል፤
ቅጥር የውጩን ብቻ አይደለም የሚከለክል፣
ውስጡ የተዘጋበትም አይሞትም፤
ተኝቶ ይጠብቃል።

ሐሙስ።
መለኪያዬን አውጥቼ ቆዳዋን ቆነጠጥሁ።
ሰኞ ሰባት ሚሊሜትር ነበር።
ሐሙስም ሰባት።
እጄን ጠርጌ ደግሜ ለካሁ።
ሰባት።
«ተመስገን!» አሉ አንጓች፣ ነጠላቸውን አጣፍተው።
እኔ የቦራን ጎድን እቆጥር ነበር፤
ከሩቅ ይቆጠር ነበር።

ቴዎድሮስ ግቢ ሳለን መምህር ባየልኝ
ጠመኔውን አስቀምጦ ያለን ትዝ አለኝ፦
«ጤነኛዋ አታብጥም፤ የምታውቀው ጠላት የላት።
ታግላ ታግላ የዛለችም አታብጥም፤ አቅም የላት።
ዝምታ ሁለት ነው፣ የሰላምና የድካም፣
ሁለቱም ግን መለኪያ ላይ አንድ ናቸው፣ አይለዩም።»

ቅጹ ላይ ሦስተኛ ሣጥን የለውም።
«ነጌቲቭ» ብዬ ጻፍሁ። ፈረምሁ።
«ወተቱን ግን» አልሁ፣ «እስኪንተከተክ አፍሉት።»
«እስከ ዛሬ ጥሬውን ጠጥተን ምን ሆንን?» አለ ጣሰው።
ሳቀ።
ሳቁ መሀል ላይ ሳለ።

ኅዳር ላይ ከቄራ ኑርልኝ ደወለልኝ፦
«አንገቷ ላይ ያንተ ምላጭ ጠባሳ ያለባት፣
ግንባረ ቦራ ላም፤ መጥተህ እያት።»
ነጥፋ ኖሯል የሸጧት።
ሳንባዋን ሲሰነጥቀው ቢላዋው ቋ፣ ቋ አለ፣
አሸዋ እንዳገኘ አካፋ።
ከኖራው ሥር አይብ የመሰለ ነገር፣
በአንድ በኩል የፈረሰ ቅጥር።
እጃችንን በበረኪና ታጠብን፤
እሱ ሥጋውን ሊያስወግድ ሄደ፣
እኔ ወረቀቴን አስቤ ትንሽ ቆምሁ።

ማታውን ባጃጅ ይዤ አዘዞ ወረድሁ።
አንጓች በር ከፍተው ሣጥኔን አዩና
«ላሟን እኮ ሸጥናት» አሉኝ።
«አውቃለሁ» አልኋቸው።
«ጣሰውን ፈልጌ ነው።»