የቀኝ በኩል ብርድ

ናሪን ላይ ክረምቱ ሲበረታ ብረት እጅ ይነክሳል፤
በባዶ እጅ ያነሡት መፍቻ ቆዳ ይዞ ይነሣል።
ቶክቶሱን አንድ ዓይናቸውን በነጭ ፋሻ ሸፍነው፣
አማቻቸው እየነዳ፣ እሳቸው ተሳፋሪ ሆነው፣
ያቺን አሮጌ ኦዲ ይዘው ከጋራዤ በር ቆሙ፤
ገና ሳይወርዱ ጮኹ፣ ጥርሳቸውን እየገጠሙ፦

«ይህች መኪና በግራዋ ቆላ፣ በቀኟ ውርጭ ናት!
እኔ ካፖርቴን አውልቄ አሥራ አንድ ክረምት ነዳኋት፤
ዓይኔን ባልታከም ኖሮ፣ ትናንት ከሚስቴ ወንበር
ማን ያስቀምጠኝ ነበር? ማንስ ይነግረኝ ነበር?»

ሚስትየው አይሳልቂን ከኋላ ተቀምጠዋል፤
የሱፍ ቡት እስከ ጉልበት፣ ሁለት ሻል ደርበዋል።
ምንም አይሉም።

ኮፈኑን ከፈትሁ። መጀመሪያ ውሃውን አየሁ፤
ሙሉ ነው። ሞተሩን አስነሥቼ ጥቂት ቆየሁ፤
የሙቀቱ ቀስት ዘጠና ላይ ደረሰና ተኛ፤
ቴርሞስታቱ ደህና ነው፣ በሰዓቱ የሚከፍት ዘበኛ።
ባትሪ በጥርሴ ነክሼ ከዳሽቦርዱ ሥር ገባሁ፤
«ያዙሩት» አልሁ፤ የነፋሱ በር ሲላወስ ሰማሁ።
ሽቦው አልላላም፣ ክዳኑም አልወለቀም፤
ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

የቀረኝ መዳፌ ነው።
ከሞተሩ ወደ ውስጥ የሚገቡ ሁለት ቱቦዎች አሉ፣
እንደ መንታ ወንድማማች ጎን ለጎን የሚውሉ።
አንዱን ያዝሁት፤ ፈጀኝ፤ እጄን በበረዶ አሸሁ፤
ሌላውን ያዝሁት፤ ጨበጥሁት፤ ጨብጬው ቆየሁ፦
ለብ ያለ ነው፣ እንግዳ ሄዶ እንደተረሳ ሻይ።
ትኩሱ ገብቶ ይመለሳል፣ የቀኝ ዳሩን ሳያይ።

«አባቴ» አልኋቸው፣ «የማሞቂያው ሆድ ታፍኗል፤
ግማሹ ይተነፍሳል፣ ግማሹ በአንዳች ነገር ተደፍኗል።
ራዲያተር ውስጥ የጨመሩት ነበር?»
«የለም» አሉ። ጢማቸውን ነካኩ። ሰማይ አዩ።
«የለም።»
ከዚያ ቆይተው፦
«ያ... ዶሎን ላይ።»

ዶሎን ማለፊያ ላይ፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣
ራዲያተሩ ተቀዶ ውሃ ሲረጭ ወደ ፊት፣
መንገዱ ላይ አንድም የጭነት መኪና ሳይኖር፣
ጀንበር ስታዘቀዝቅ፣ በረዶው ሲከመር፣
ሚስታቸው ከገበያ ቅርጫት አንድ ከረጢት አወጡ፤
«አባቴ ትራክተር ሲያሽግ በዚህ ነበር» ብለው ሰጡ፦
የሰናፍጭ ዱቄት፣ ግማሽ ኪሎ፣ ለሠርግ የተገዛ።
ጨመሩት። አበጠ። ቀዳዳውን ጨምድዶ ያዘ።
ሌሊቱን ናሪን ገቡ።
ሰናፍጭ ግን ሥራው ሲያልቅ «ጨረስሁ» ብሎ አይወጣም፤
ጠበብ ያለ ቦታ አይቶ ተኛ፤ ማንም ሊቀሰቅሰው አልመጣም።

ቱቦዎቹን ነቀልሁ፤ የጓሮ ውሃ በግልባጭ ሰደድሁ፤
በመውጫው አስገብቼ በመግቢያው ጠበቅሁ።
መጀመሪያ ምንም። ከዚያ አንድ ሳል። ከዚያ ጭቃ፣
ዝልግልግ፣ ቡናማ፣ ከረጅም እንቅልፉ የነቃ።
ባልዲው ውስጥ ሲወርድ አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ፤
ወይስ ስሙን ስለሰማሁ ይሆን እንዲያ የመሰለኝ?

አይሳልቂን ወርደው ባልዲውን ጎንበስ ብለው አዩ።
«ያችው ናት» አሉ፣ «ግማሽ ኪሎዬ።»
«ምነው አልነገርሽኝም?» አሉ ባል።
«ምን ብዬ? አንተ ላብህን እየጠረግህ
‹ወይ ሙቀት!› እያልህ ስትመካባት?
እኔ እኮ ያረጀሁ መስሎኝ ነበር፤
ብርዱ ከአጥንቴ የሚመጣ።»

ቶክቶሱን ዝም አሉ። የቀረ ዓይናቸውን
ባልዲው ላይ ተክለው ዝም አሉ።

አዲስ ውሃ ሞላሁ፤ አየሩን ቀስ ብዬ አስወጣሁ፤
ሁለቱም ቱቦዎች ሲፋጁ መዳፌን ይዤ ሣቅሁ።
እመት አይሳልቂን ከጋቢና ገቡ፤ በሩን ዘጉ፤
አንዱን ሻል አወለቁ፤ ሁለተኛውን ጭናቸው ላይ አደረጉ፤
ጉንጫቸው ቀላ። ከዚያ የመስኮቱን እጀታ ያዙ፣
ታገሉት፣ ወዲህም ወዲያም አዞሩ።
«ይህ ነገር አይወርድም እንዴ?»

አሥራ አንድ ዓመት ማንም ዝቅ አድርጎት አያውቅም።
ካቻቪቴዬን አነሣሁ፤ ደረሰኙ ላይ ጻፍሁ፦
«የቀኝ መስኮት።»