አንድ ለሰማንያ ሰባት

ጣቢያውን ለማፍረስ ቀን ተኩል በቃቸው፤
እኔ ሁለት ክረምት ፈጀሁ ስተክለው።
ግንቡ ከብስኩት ካርቶን የተቆረጠ፣
መስኮቱ ከሸሚዝ መጠቅለያ ላስቲክ የተመረጠ፣
ጣሪያው በውሃ ቀለም ሦስቴ የጠየመ፣
ቁመቱ ከመሃል ጣቴ እምብዛም ያልረዘመ።

ወረቀት ኩሩ ነው። በምላጭ ጀርባ መስመር ሳያሰምሩለት
እጠፍ ቢሉት፣ ይሰነጠቃል፤ ይታያል ነጭ ሥጋው እንደ ቁስለት።
ለዚህ ነው የተቆረጠን ጠርዝ ሁሉ በእርሳስ የማጠቁረው፤
ነጩ ካልተሸፈነ ቤቱ ቤት አይደለም፣ ወረቀት ነው።
ዝናብ የዘነበ ለት ግድግዳው ሆዱን ይነፋል፤
ከውስጥ መስቀለኛ ካልደገፍኩት በፊቱ ይደፋል።
«ምሳ የምንበላው» አለችኝ ሚላዳ፣ «ከሐዲዱ ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ?»
ጠረጴዛችን ከገና ጀምሮ ሆኗል የሙጫ መጋዘንና የካርቶን ማረፊያ።

ያለኝ አንድ ፎቶ ነው፦ ጥቁርና ነጭ፣ እኔ ፊሽካ በአፌ ይዤ፤
ከኋላዬ ያለውን ጡብ ቆጠርኩት በአጉሊ መነጽር ፈዝዤ።
እስከ መስኮቱ ደፍ አሥራ ሁለት ጡብ፤ በእኔ ዓለም አንድ ሴንቲ ሜትር።
የተመላለስኩበት መድረክ ርዝመቱ ሠላሳ አንድ ዓመት ነበር፤
አሁን አንድ ሜትር።

ሁሉን ለካሁ። የመጠበቂያ ክፍሉ በር ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ።
በየማለዳው የከፈትኩት በር! ቀለሙን አላውቅም። አፈርኩ።
«ቡናማ ነው» አለ ሊቦር፣ የማኅበራችን ጸሐፊ፣ «ደንቡ ቡናማ ይላል፤
ሰው ይረሳል እንጂ የምድር ባቡር ደንብ መቼ ይረሳል?»
ተሸነፍኩ። ቡናማ ቀባሁ። እጀታውን ከስፒል ራስ ሠራሁ፤
ሙጫ አስነክቼ ለዘላለሙ ዘጋሁ።

በመጋቢት፣ በእሳት አደጋ ጓዶች አዳራሽ፣ ዓውደ ርእይ ተከፈተ፤
የሕፃናት ጣት በጣሪያዬ ላይ ስንቴ ተንከራተተ!
በሁለት ከዘራ ዝደንካ መጣች፤ ሰማንያ ሦስት ነው ዕድሜዋ፤
የጣቢያውን ወለል ስታጥብ የኖረች፤ ዛሬም ሳሙና የበላው ነው መዳፏ።
ጎንበስ አለች። መነጽሯን አወለቀች፣ መልሳ አጠለቀች።
«በሩን ማን አበላሸው?» አለች።

ሊቦር ደንብ ሊጠቅስ ጉሮሮውን ሲጠርግ፣
«አረንጓዴ ነው ልጄ» አለችው፣ የስልሳ ሰባት ዓመቱን ሰው።
«ቡናማው ካገር ጠፋ ተባለ፤ በሩም ተልጦ እርቃኑን ቀረ፤
ባሌ ለንብ ቀፎው ከገዛው አረንጓዴ ግማሽ ጣሳ ተርፎ ነበረ።
በእሑድ ቀባሁት፣ ብቻዬን። ማንም አላየ፣ ማንም አላመሰገነ፤
ከንቦቹ በቀር፤ ቀፏቸው መስሏቸው በሩን ሲዞሩት ሳምንት ሆነ።»

ንብ! አዎ፣ ንብ ነድፎኝ ነበር፤ ከንፈሬ አብጦ ፊሽካ መንፋት አቅቶኝ፣
የብርኖው ባቡር አራት ደቂቃ ዘግይቶ ተነሣ፤ ከደመወዜ ተቀጣሁ፤
ይህን አልረሳሁም፤ በሩ ነው የጠፋኝ።

«ይከፈታል?» አለች ደግሞ።
«ኧረ አይከፈትም፣ ተጣብቋል።»
ራሷን ነቀነቀች፤ ኬክ ወደሚሸጥበት ጥግ አዘገመች።

ያን ሌሊት፣ ሚላዳ ስትተኛ፣ አዲስ ምላጭ አወጣሁ፤
ቡናማውን አረንጓዴ አለበስኩ፤ እጄን ለማረጋጋት ትንፋሼን ዋጥሁ።
በማጠፊያው በኩል በምላጩ ጀርባ አሰመርኩ፣ በእጀታው በኩል ቆረጥኩ፤
በጥፍሬ ገፋ አድርጌ፣ የፀጉር ስፋት ያህል ከፈትኩ።
ውስጡ ባዶ ነው፤ አግዳሚ ወንበርም፣ ምድጃም የለ፤
የብስኩቱ ካርቶን ብቻ፣ «በቅቤ የተጋገረ» እያለ።

መብራቱን ሳላጠፋ አንድ ሒሳብ ሠራሁ፦
ንብን ለሰማንያ ሰባት ባካፍላት፣ ከእርሳሴ ነጥብ ታንሳለች፤
ዓይኔም ደክሟል፤ አላየኋትም እንጂ፣
ምናልባት ገብታለች።