ተረድተዋል?

አፉላ። ሦስተኛ ፎቅ። የመጨረሻዋ ጠባብ ክፍል።
መስኮቷ ወደ ሱፍ ማሳው፣ አበባው ፀሐይ ሲከተል።
ሦስት ወንበር፣ ውኃ በብርጭቆ፣ አንድ ሣጥን ሶፍት።
ዶክተር ሱሄይር በሩን ዘጋች፤ ስልኳን ደፋችው በግንባሩ፤
ሣጥኑን በሁለት ጣቷ ገፋችው፣ ወደ አባ ጠጋቡ ፊት።
እሳቸው ያኔውኑ አወቁ።
እኔ ግን ማወቃቸውን አላወቅሁ።

እንጀራዬ ቃል ማሻገር ነው፣ ከዚህ ዳር እዚያ ዳር፣
እንደ ታንኳ ቀዛፊ፣ ጭነቱን ሳልቀንስ፣ ሳልጨምር።
«ግሩሮት» አለች። ለዚህች ቃል አማርኛዬ ደኸየ።
«ዘሩን በትኗል» ልበል? «ቤት ለውጧል»? «ጉበት ላይ ታየ»?
«ጉበትዎ ላይ…» አልኩ፤ «ትንሽ…» አልኩ።
እሷ ትንሽ አላለችም።
ትንሿን ከኪሴ ጨመርኩ።

ወረቀቷ ላይ አምስት መስመር አለ፤ አራቱን በእስክሪብቶ ነክታለች፤
አምስተኛውን፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ጠየቀች።
እኔም አሻገርኩት፣ ሳላስበው፣ ቃሉ እንደ መጣልኝ፦
«አባ፣ ተረድተዋል?»

ሳቁ። በዚያች ክፍል ሳቅ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

«ተረዳሁ እንጂ ልጄ! ግን ሰው እንዲህ አይረዳም።
ወልቃይት ሳለን መርዶ ነጋሪ ነበርኩ፤ ስንት ቤት አርድቻለሁ።
የሚረዳ ሰው ቤት በቀን አይኬድም፤ ዶሮ ሳይጮህ ነው፣ በጨለማ፤
ጎረቤት አስቀድሞ ይነሣል፣ በጓሮ፣ በደጃፍ፣ ኮቴው ሳይሰማ።
ባለ ሐዘኑ በሩን ሲከፍት ሰው ሞልቶ ያያል ግቢውን፤
ማንም ሳይነግረው ያውቃል፤ እኔ የማጸናው ያወቀውን።
ለራበው አይነገርም። ብቻውን ላለ አይነገርም።
ማታ አይነገርም፤ ሌሊቱን የሚጋራው የለም።
እናንተ ግን ጠራችሁኝ በቀትር፣ በባዶ ሆድ፣ ለደም ነው ብላችሁ፤
ልጆቼ ሥራ ላይ፣ ጎረቤት የለ፣
ለእንባዬ አንድ ሣጥን ወረቀት ብቻ ሰብስባችሁ።»

«ምን አሉ?» አለች ዶክተሯ።
ሁሉንም አሻገርኩ። ሣጥኑንም።

ዝም አለች። ከዚያ፣ የእናቷም ባልሆነ፣ የእኔም ባልሆነ ቋንቋ፦
«እክሳል፣ አያቴ ስትታመም፣ ሐኪሟም ልጇም እኔ ነበርኩ።
‹ጨጓራሽ ነው› እያልኳት ቀበርኩ።»
ይህን ወደ አማርኛ ስመልስ ትንሽ አልጨመርኩም።

አባ ጠጋቡ እጃቸውን ዘረጉ፣
ሣጥኑን ቀስ ብለው ወደ እሷ መልሰው ገፉ።
«ደግ ነገርሽኝ በያት» አሉኝ። ውሸት ነበር።
እንዳለ አሻገርኩት።

በር ላይ ክንዴን ያዙ፦ «ትሁኔን ማንም እንዳይነግርብኝ።
እሷን የማረዳት እኔ ነኝ። አንቺ ሰው ሰብስቢልኝ፤
ፎቅ ላይ ያለችውን ሩሲያዊትም።»

ሐሙስ፣ ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት፣ ደረጃው ላይ ቆመናል፣
አሥራ አራት ሰው፣ ጫማችንን በእጃችን ይዘናል።
ዶክተር ሱሄይር አልመጣችም፤ ተረኛ ነበረች።
የደረጃው መብራት በየደቂቃው ይጠፋል፤
ሩሲያዊቷ፣ በሌሊት ልብሷ፣ እየነካች ታበራዋለች።
አራት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ።
ስድስተኛው ላይ ተወችው።
ከበሩ ወዲያ የነጠላ ጫማ ድምፅ፣
ከዚያ የቁልፍ።