ከቃለ ጉባኤው የቀረ

ቃለ ጉባኤውን የምጽፈው እኔ ነኝ፤
እስክሪብቶ ሰጥተው ጥግ ላይ አስቀመጡኝ።
ማን ምን እንዳለ እንጂ፣ ማን እንዴት እንዳለ፣
ብርጭቆ የያዘው የማን እጅ እንደዋለለ
መጻፍ አይፈቀድም። ስለዚህ ይህ ቅጠል
ከመዝገቡ ወጥቶ ለብቻው ይነጠል።

ከዚራ ነን፤ አሮጌ የባቡር ሠራተኞች ክበብ፣
ግድግዳው ላይ ሰዓት አለ፣ ስድስት ላይ ቆሞ የሚያስብ።
ፋኑ ያዞረዋል ያንኑ ትኩስ አየር፣
እንደኛው አጀንዳ፣ ከቦታው ሳይሻገር።

ሦስት ፓርቲ፣ ሦስት ማኅተም፣ ሦስት ሊቀ መንበር፣
ባለፈው ምርጫ ሦስታችንም ያጣነው አንድ ወንበር።
አቶ ዋበሪ በጣቱ ጠረጴዛው ላይ ቆጠረው፦
የሦስታችን ድምፅ ሲጠቃለል፣ ያሸነፈን ሰው ተሸናፊ ነው።
«በአንድ ምልክት እንቅረብ» ተባለ። ሁሉም እሺ አለ።
ጭብጨባው ሳይበርድ «በማን ምልክት?» ተከተለ።

የኛ ፋኖስ ነው። የአቶ ዋበሪ ግመል።
የወይዘሮ ረምዚያ ቁልፍ። ማንም የራሱን አይጥል።
«ግመል» አለ ዋበሪ «ውኃ ሳይለምን በረሃ ያቋርጣል፤
ፋኖስ ግን ነፋስ ሲነካው፣ ጋዝ ሲያልቅበት ይጠፋል።»
«ሲጨልም» አለ የኛው መምህር ይፍሩ «ግመልህ ገደል ይገባል!»
ረምዚያ ሳቀች፦ «ቁልፍ በሌለው ቤት ፋኖሱም ግመሉም ይሰረቃል።»

የጻፍኩት፦ «በምልክት ጉዳይ ሰፊ ውይይት ተካሄደ።»
ያልጻፍኩት፦ ወንበር ወደቀ። በረቂቁ ላይ ሻይ ወረደ።

ደጅ ላይ ከተማው በሁለት ጎራ ቆሞ ይጠብቃል፤
ቀን የተለጠፈውን ፎቶ ሌሊት ሌላው ይልጣል።
ባጃጅ የሚሳፈር ሰው መጀመሪያ መስታወቱን ያያል፣
የማን ፎቶ እንዳለ። ካልጣመው በእግሩ ያቋርጣል
ከከዚራ መጋላ፣ የደቻቱን ደረቅ አሸዋ።
በአንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት ቋንቋ የምትቀይጥ ድሬዳዋ
ዘንድሮ ሰላምታዋን እንኳ መርጣ ነው የምትሰጥ።

የበርጫ ሰዓት ደረሰ። ማንም ለመቃም አልተቀመጠ።
ያኔ የረምዚያ ስልክ ጮኸ። በረንዳ ወጥታ አወራች፤
ተመለሰች። ስልኩን በፊቱ ደፍታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።
«ብቻዬን ከወጣሁ ሁለት ወንበር ሊሰጡኝ ነው» አለች።
ፋኑ ዞረ።
ዋበሪ ጉሮሮውን ጠረገ፤ «ባትነግሪን ይሻል ነበር።»
«ነገርኳችሁ እኮ።»
              ይህም ከመዝገቡ ቀረ።

እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ እኔ ድምፅ የሌለኝ ተናገርኩ።
«ዝናሽ፣ ያንቺ ሥራ መጻፍ ነው» አለ ይፍሩ። እኔ ግን ቀጠልኩ፦
«አባቴ እዚሁ ጣቢያ ፉርጎ አጋጣሚ ነበር፤
ሁለት ጣት የለውም። እንዲህ ይል ነበር ጀማሪ ሲያስተምር፦
‹ሰንሰለቱን አታክርረው፤ ኩርባ ላይ ሐዲድ ይለቃል።
በጣምም አታላላው፤ ሲነሣ በአንድ ጊዜ ይበጠሳል።
ትንሽ ክፍተት ተውለት፣ አንድ ጣት የሚያስገባ፤
ጣትህን ግን አታስገባ።›»

ከጠዋት ጀምሮ ያልሳቀ ሰው ሁሉ ያኔ ሳቀ።
ከሳቁ በኋላ ዝም አሉ። ሙቀቱም ትንሽ ለቀቀ።
ማንም ምልክቱን አልጣለም። ቦታ ግን ተካፈሉ፦
ሳቢያን ፋኖስ፣ ገንደ ቆሬ ግመል፣ መጋላ ቁልፉ፤ ሌሎቹ ገለል ይበሉ።
ገለል ያለው ደግሞ ይቀስቅስ፣ ላልሆነው ምልክት ይጩኽ።
(የሳቢያን ልጆች ለዚህ ምን እንደሚሉ፣ ይፍሩ፣ አንተው ታውቃለህ።)

ሲወጡ ሦስት ባጃጅ ጠሩ፣ አብረው እንዳይታዩ።
ሰነዱ እኔ ዘንድ ነው። ወረቀቱ ጠቦ ማኅተሞቹ አልተለያዩ፦
የግመሉ እግር ፋኖሱ ላይ፣ ቁልፉ ግመሉ አንገት ላይ።
ቀለሙ ይደርቃል ወይስ ይዥጎረጎራል፣ እስኪ እንይ።
ገና እርጥብ ነውና መዝገቡን ሳልዘጋ ጠበቅሁ፤
ጣቴን ከመሃል አወጣሁ።