የድንበር ሽንኩርት

አባቴ ጥጋቤ፣ ሊሞት ሁለት ክረምት ሲቀረው፣
ከወራሚት በታች ያለውን ማሳ ለሁለት ከፈለው፤
ላይኛው ለይርሳው፣
ታችኛው፣ ጣና ሲሸሽ የሚተወው፣ ለታናሹ ለፈንታው።
ለእኔ አልደረሰኝም፤ ያን ዛሬ አላነሣም፣
«የሴት ማሳ ባሏ ነው» ያሉኝን ግን አልረሳም።

ድንጋይ አልተከለም። «ድንጋይ ሌሊት ይሄዳል፣
እግር የለው ብለህ ስትተኛ ዳር ዳሩን ይወርዳል፤
እኔ የምተክለው ማንም የማይመኘው ነው፣
ከብት አይግጠው» አለ፣ «ሰውም አይቀምሰው።»

ከጫካው ጥግ ቆፍሮ የጅብ ሽንኩርት አወጣ፣
የሕፃን ጭንቅላት የሚያህል፤ ልጡ ቡናማ፣ ሽታው ቁጣ።
አሥራ አንድ ነበሩ።
በቀሚሴ ዘርፍ አቅፌ ከኋላ ከኋላው ተከተልሁ፣
እሱ ሲቆፍር እኔ አንድ በአንድ አቀበልሁ፤
ጭማቂው ክንዴን አሳከከኝ ሦስት ቀን፣
እናቴ በአመድ ውሃ አጠበችኝ፣ በኩራዝ ብርሃን።

ሽንኩርት ነዋ! ዓመቱን ሙሉ የለም ያስብላል፤
በኅዳር ቅጠሉ ይረግፋል፣ በጥር አፈሩ ይዘጋል፣
በየካቲት በላዩ ፍየል ይተኛል።
ሚያዝያ ላይ ግን፣ ደመና ገና ምልክት ሳያሳይ፣
መሬቱ እንደ ተረከዝ ተሰነጣጥቆ ሳለ ከፀሐይ፣
ቅጠል ሳይቀድመው፣ ጠብታ ሳይጠራው፣
አንድ ቀይ ኳስ ብቅ ይላል፤ ክሩ መቶ፣ ጫፉን ቢጫ ብናኝ የነካው።
አሥር ቀን። ቢበዛ አሥራ ሁለት።
ከዚያ ይሟሽሻል፣ እንደ ረጠበ ክብሪት።

አባቴ ሞተ።
ወንድሞቼ ሠላሳ ዓመት ጎን ለጎን አረሱ፣
ከዚያ ተካሰሱ።
ጠባቸው አንድ ክንድ ናት፤ በሬ ለማዞር እንኳ የማትበቃ፣
ቀጠሩባት እንጂ የማሳውን ዋጋ የሚበላ ጠበቃ።
ቀያሹ በኅዳር መጣ፤ ሜትሩን ዘረጋ፣ ጻፈ፤
ሽንኩርቱ ተኝቶ ነበር፤ በላዩ ረግጦ አለፈ።

እኔ ለምስክርነት ተጠራሁ። ከባጃጅ ወርጄ ገባሁ፣
«እትዬ፣ ድንበሩ የት ነው?» አሉኝ ዳኛው፤
«ሚያዝያ ላይ ይምጡ» አልሁ።
ችሎቱ ሳቀ። ይርሳው ጣሪያ፣ ፈንታው ወለል አየ፤
ከእናቴ ሆድ የወጣነው ሦስታችን፣ ዓይናችን እንዲያ ተለያየ።
ዳኛው ግን አልሳቁም፤ መዝገቡን ገልጠው ቀን ጻፉ።

ሚያዝያ። ጣና ሸሽቷል፤ ያስቀረው እንቦጭ ጭቃው ላይ ደርቋል፣
የተገለበጠ ታንኳ ሆዱን ለፀሐይ ሰጥቷል፤
ወንድሞቼ በሁለት ዳር፣ እጃቸው ደረታቸው ላይ፣
እኔ መሐል፣ ጫማዬን አውልቄ፣ ያንን ቀይ ላይ።

ነበረ።
አሥራ አንድ ግን አልነበረም።

በሠላሳ ዓመት ወልዷል፤ ልጆቹም ልጅ ወልደዋል፣
ግማሹ የይርሳው እርሻ ገብቷል፣ ግማሹ ፈንታው ዘንድ ወርዷል፤
መስመር አይደለም፤ ከተቀደደ ጆንያ የፈሰሰ በርበሬ ነው፣
ማንም ለማንም ሳይል ማሳው ላይ የበተነው።
ጸሐፊው ሊቆጥር ሞከረ፤
ስድሳ ላይ ተሳሳተ፣ እንደገና ጀመረ።

ዳኛው ጥላቸውን አጠፉ። ዝቅ ብለው አዩ።
«አባትሽ በእጃቸው የተከሉት የትኛው ነው፣ ከነዚህ?»
ነፋስ ከውሃው መጣ፤ ቀዩ ሁሉ ባንድ ላይ ራሱን ነቀነቀ፣
እኔን የሚከለክል መሰለኝ፣ ወይም የሚለምን፤ ማን ዐወቀ?

«አላውቅም» አልሁ።

የመጀመሪያውን ግን ዐውቀዋለሁ።
አባቴ ዶማውን ተደግፎ፣ ቆም ብሎ የሳለበት ነው፣
«ያዢ» ብሎኝ፣ ደሙን በእግሩ አፈር ያለበሰው።
እዚያ ላይ ነው የቆምሁ፣ በባዶ እግሬ፣ ዳኛው ሲጽፉ፣
አበባው ቁርጭምጭሚቴን እየነካኝ በክሩ ጫፉ።

ክርክሩ ለሰኔ ተቀጠረ። በሰኔ ቅጠል ብቻ ነው፤
ቅጠል ደግሞ ከሣር ማን ይለየው?
ማታ ባሕር ዳር ቤቴ ገብቼ መብራት ሳበራ፣
ክንዴ አሳከከኝ፣ ምንም ሳልነካ።