ሦስት ኪሎ ረግረግ

ስምንት ወር ቆጠብኩኝ፣ ከባጃጅ ጥገና፣
ብሩ ታጥቦ ታጥቦ ግሪስ ይሸታል ገና።
ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ፀሐይዋ ሳትከፋ፣
ታይዋን ገባሁኝ፣ ኪሴን ይዤ እንዳይጠፋ።

የአብዶሽ ሱቅ ጠባብ ናት፤ ፍራሽ፣ ቴርሞስ፣ ምንጣፍ፣
አራት ጊታር ተሰቅሏል፣ ተዘቅዝቆ እንደ ሌሊት ወፍ።
«ዋሪያ፣ ቀዩን ውሰድ! ወላሂ ይሄ ነው ጌታ፤
ሠርግ ላይ ይዘኸው ብትቆም፣ ሙሽራው አንተ ነህ የዚያን ማታ!»

ቀዩን አነገትኩት። በጎኑ እሳት ተስሏል፣
ቅብ ነው፤ ከቅቡ ሥር ምን እንዳለ ማን ያውቃል።
ከበደኝ። እንጨት ይሁን የተጠፈጠፈ ብናኝ፣
ክሩን ብመታው፣ ጉሮሮው ታነቀብኝ።

ጥግ ላይ ግን አንዱ
እርቃኑን ነበረ፣
ያለ ቀለም፣ ያለ ጌጥ፣ በእንጨትነቱ ያላፈረ።
መስመሩ ይሄዳል፣ ይታጠፋል፣ እየሰፋ እየጠበበ፣
ጎርፉ አልፎ ሲነጋ፣ ደቻቱ አሸዋ ላይ እንደተነበበ።

«እሱ?» አለ አብዶሽ፣ አፉን እያጣመመ፣
«የረግረግ እንጨት ነው፤ እግሩን ውሃ ነክሮ የቆመ።
ባሕር ማዶ ነው አገሩ፤ እኔ ወላሂ አላየሁት፣
ሁለት ዓመት ሰው ጠብቄ፣ አቧራ ነው ያበላሁት።»

በጣቴ አንጓ አንኳኳሁ፣ ሐብሐብ እንደሚመርጥ፣
ጆሮዬን ጀርባው ላይ ጥዬ፣ እስኪመልስ ሳዳምጥ።
መለሰ።

«ቀላል ነው» አልኩት፣ ነቀፌታ አስመስዬ፣
ልቤ ገዝቶ ጨርሷል፤ ፊቴን እንዳያይ ዞር ብዬ።
«ቀላል?» ብሎ ተቆጣ፤ ነጥቆኝ ወጣ እየሮጠ፣
ከሚስኪያ ሚዛን ላይ፣ ሽንኩርቷን ገፍቶ አስቀመጠ።
እሷም ብረት ጨመረች፣ አየችው፣ ደግሞ ቀነሰች፣
«ሦስት ኪሎ ከሩብ» አለች፤ «ልጠቅልለው?» ብላ ሳቀች።

አሥራ ስድስት ሺህ ጠራ፤ ዘጠኝ ብዬ ሄድኩ ወደ በሩ፣
ጠራኝ። ተመለስኩ። ሄድኩ። ጠራኝ። ይሄ ነው የታይዋን ክብሩ።
አሥራ አንድ ተኩል ላይ ተጨባበጥን፤ ማንገቻውን መረቀልኝ፣
«የባጃጄን ፍሬን ግን በነጻ ትሠራለህ» አለኝ።

ማታ ገንደ ቆሬ መብራት ሄደ፣ እንደ ልማዱ፣
ማጉያው ጸጥ አለ፤ ቀዘቀዘ ሆዱ።
አልጋዬን ግቢ አወጣሁ፤ ሙቀቱ ቤት አያስቀምጥ፣
የኤሌክትሪክ ጊታር ያለ ኤሌክትሪክ፣ ጨለማ ውስጥ ልገልጥ።

ትንሽ ነው ድምፁ፤ ከአጎበሩ አያልፍም፣
ግን ሆዴ ላይ ይርዳል እንጨቱ፤ የትንፋሼን ያህል እንኳ አያርፍም።
አንቺሆዬን ጀመርኩ፤ ሁለተኛው ዙር ላይ ጣቴ ሳተ፣
አንድ ክር ያለ ቦታው ተሳበ፤ ጮኸ፤ ዋተተ።

ከአጥሩ ማዶ ሙሴ ላቀው፣ የባቡሩ ጡረተኛ፣
ፉርጎዎቹ ከቆሙ ወዲህ ሌሊቱን የማይተኛ፣
«ማነህ!» አለ፤ ሳልኩ። ይቅርታ ልጠይቅ ስነሳ፣
«ያቺን የተሳሳትካትን ድገማት፤ ሌላዋን ተዋት፣ ትረሳ።»

ደገምኳት።

እኩለ ሌሊት መብራት መጣ። ሰካሁ፤ ድምፁን አሳነስኩ፣
ብርቱካን ሲላጥ የሚረጨውን፣ ያንን ጥርት ያለ ነገር ቀመስኩ።
ከላይ ብርጭቆ፣ ከታች በርሜል፤ መሐሉን ትቶታል ለጉሮሮ፣
የሚያዜም ሰው ካለ ይግባበት ብሎ፣ እንደ ሰፊ ጓሮ።

አስበዋለሁ፤ ሥሩ ውሃ፣ ጎኑ ጭቃ፣ ጥም የማያውቅ ግንድ፣
እዚህ መጣ፤ ወንዙ አሸዋ ከሆነበት፣ ጀሪካን ከተሰለፈበት መንገድ።
ደርቆ ነው የቀለለው፤ ውሃው ወጥቶ ባዶውን ትቶ፣
ያ ባዶው ነው መሰል የሚያዜመው፣ በየቀዳዳው ድምፅ ገብቶ።
እንጃ። እኔ መካኒክ ነኝ።

ጠዋት አብዶሽ ከች አለ፤ ፍሬኑ ሲጮህ ነው የነቃሁ፣
በቆሰለ ጣት ብሎን ፈታሁ፤ ባመመኝ ቁጥር ሳቅሁ።
በራፉ ላይ ቆሞ አየው፣ ግድግዳ ላይ የሰቀልኩትን፣
ሁለት ዓመት እያየ ያላየውን፣ መስመር መስመሩን።
«ዋሪያ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «ቀዩ አሁንም አለ፤ አዲስ ነው፤
ብትለውጠኝ ብዬ ነው።»

«ፍሬንህ ይዟል» አልኩት። «ሂድ፣ ቁልቁለቱ ላይ ሞክረው።»