ክፍት ሳህን

ባሕር ዳር ነፋሱን ማን ይጠላል ብላችሁ?
ከሰዓት ሲነሣ፣ ከሐይቁ ተፈትቶ፣
በዘንባባው መሐል፣ በደንገሉ ገብቶ፣
ሸሚዝ ሲያርገበግብ፣ ላብ ሲያደርቅ አይታችሁ።
እኔ ግን ፈራሁት።
እነሱ ቀዶ ጥገና፣ እኔ ጥገና ነኝ፤
ሥጋውን ይዘዋል፤ አየሩን አደራ አሉኝ።

ያ ማክሰኞ ቀትር። አልጋው ላይ ሽባባው፣
ዓሣ አስጋሪ ነው፣ ባጃጅ ነው የሰበረው።
ልክ ዶክተር ልየው ጭኑን ከፍቶ ብረት ሊያስር ሲል
መብራት ድርግም አለ።
ጄኔሬተሩ ጮኸ፤ አምፖል ተመለሰ፤
የኔ ማራገቢያ ግን ትንፋሹን ጨረሰ።
ላብ ሲወርድ፣ መነጽር በእንፋሎት ሲሸፈን፣
አንዱ ተለማማጅ፦ "ትንሽ ብንከፍተው መስኮቱን?"
"እጅህን ሰብስብ!" አለች ሲስተር ባንቺአምላክ፤
"ይልቅ ጥገናውን ጥራ፤ ሰው ወደ ጣራ ላክ።"

ወጣሁ። ቀበቶው ነው፤ ተበጥሶ ኖሯል።
ሐይቁ እስከ ዘጌ ድረስ ተዘርግቶ ይታያል፤
ነፋሱ አንገቴን ቀስ ብሎ ይዳብሳል
(ሲጥም!)፤
ከእግሬ ሥር፣ ከኮንክሪቱ ወዲያ፣ ጭን አፉን ከፍቷል።
በሃያ ደቂቃ አሠርኩት። ሮጬ ወረድኩና፣
በሩን ገፋ አድርጌ አንገቴን አስገባሁና፣
"ሠርቷል!" አልኩ።
ማንም ዞር አላለም።
ሲስተር ብቻ ከጭንብሏ በላይ ገረመመችኝ።

ሐሙስ ይርሳው ጠራኝ፣ የላቦራቶሪው፦
"ና እስኪ፣ ይቺን ሳህን እያት።"
የዚያን ዕለት ከጥግ አፏን ከፍታ የዋለች፣
ጄሊዋ ላይ ነጭና ቢጫ ነጥብ አብቅላለች።
ቆጠርን። ሠላሳ አንድ።
"ሐይቁ ነው" አልኩ ቶሎ፤ "ነፋሱ ነው፣ ሾልኮ።"
ሣቀ። "መስኮቱማ ዝግ ነበር እኮ!
ይሄ የሰው ቆዳ ነው፣ ስንራመድ የሚረግፍ፤
ስናወራ የሚወጣ ከአፍ፤
በር በተገፋ ቁጥር ከኮሪደሩ የሚንሳፈፍ።"

በር በተገፋ ቁጥር።
ዝም አልኩ። አንዷን ነጥብ፣ ቢጫዋን፣ ከዳር ያለችውን፣
ረዥም ጊዜ አየኋት፤
የማውቃት ትመስላለች።

ሽባባው በዐሥራ አራተኛው ቀን ክሩ ወጣለት፤
ቁስሉ ደርቋል። ምን እንዳዳነው አልጠየቅሁም።
እሱም የጠየቀው ስለ ታንኳው ብቻ ነው።
አሁን መደርደሪያዬ ላይ ሁለት ትርፍ ቀበቶ አለ።
ሠርቼ ስጨርስ በር አልገፋም፤ በመስታወቱ
አውራ ጣቴን አሳያለሁ፣
ሲስተር በዓይኗ ትመልሳለች።
ማታ ግን፣ ከሐይቁ ዳር፣ ነፋሱ ሲመጣ፣
እንደዚያች ሳህን
አፌን ከፍቼ እቆማለሁ።